ያሕያ በሱቁ ደጃፍ

ጥቅምት 14፣ 2017፣ ሐሙስ

ውርጩ ዘንድሮ ቀድሞ መጣ። የማጠቢያውን ጠርሙስ ብብቴ ሥር ይዤ ኩርምት ብዬ ተቀምጬ ሳለሁ ሔራን ገባችና፣ «እኔን እንዲህ አቅፈኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። ሚስቴ ናት፣ ምን ይደረጋል። ማጠቢያ ከቀዘቀዘ ፊልም አያወጣም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ፊልም የሚያጥብ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከብርዱ ጋር ነው።

ትናንት ከመሸ በጠባሴ በኩል ሲተኮስ ነበር። ዛሬ ጠዋት ክሊኒካችን ሦስት ሰው አመጡ። እኔ ራጅ አንሺ ነኝ፤ የሰው ፊት ሳይሆን አጥንቱን ነው የማየው። የአንዱ ጥይት ዳሌው ውስጥ ቁጭ ብሏል። «ይወጣል?» አለችኝ እናቱ። ሐኪሙን ጠይቂ አልኳት። ቆጣ ብዬ ነው ያልኳት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ክሊኒኩ በኮምፒውተር ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ጨለማ ክፍሉን የሚፈልገው የለም፤ የተረፈውን የራጅ ማጠቢያ፣ ቀዩን አምፖል፣ ሳህኑን ሁሉ ወርሻለሁ። ይህ የድሮ ካሜራ በሽታ ያለብን ሦስት ነን፦ እኔ፣ አሊዩ አምባ ጥጥና በርበሬ የሚነግደው ያሕያ፣ እዚህ ከተማ ፎቶ ቤት ያለው ብዙአየሁ። ባለ ሁለት ዓይኑን የሩሲያ ካሜራ መርካቶ ሄደን የገዛነው ከያሕያ ጋር ነው፤ አንድ ወር እኔ ጋ፣ አንድ ወር እሱ ጋ ይከርማል። ሆድህ ላይ ይዘህ፣ አጎንብሰህ ከላይ ነው የምታይበት፤ ዓይንህን ስለማያይ ሰው አይፈራህም። አመሉ አንድ ነው። ፊልሙን በእጅህ ካላዞርክለት ዝም ይላል፤ ድጋሚ ብትጫነው ሁለተኛውን ፎቶ እዚያው በመጀመሪያው ላይ ይደርብልሃል። ስለዚህ ሕግ አለን፦ ያነሳ ሰው ወዲያው ያዞራል። ያሕያ ግን ሊያነሳ ሲል ነው የሚያዞረው። ዛሬም በስልክ በዚሁ ተጨቃጨቅን።

«አንተ ሰውዬ አንድ ቀን ገበያውን በሙሉ ሰሊሃ ፊት ላይ ትደርበዋለህ» አልኩት። ሰሊሃ ሚስቱ ናት።

«ወላሂ፣ አንተ ነህ ቀድመህ የምትደርበው። ሕግ የሚያበዛ ሰው ነው የሚረሳው» አለኝ።

ቅዳሜ እወርዳለሁ። ሔራን መንገዱ ደግ አይደለም ትላለች። መቼ ደግ ሆኖ ያውቃል?


ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ ቀን

አሊዩ አምባ። እንዴት ይሞቃል! ሹራቤን አወለቅኩ። ብርሃኑ ግሩም። ገበያው ሳስቷል፤ ሰው ሸምቶ በጊዜ ነው የሚሸሸው።

ያሕያን ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ ሱቁ ደጃፍ አቆምኩት። ከኋላው የሱቁ ጨለማ፣ እሱ ቦግ ብሎ። እየሳቀ፣ «ቶሎ በል፣ ይቺን ልብስ ሰሊሃ ያጠበችው ለጁምዓ እንጂ ላንተ አይደለም» ይለኛል። ተጫንኩት። ወዲያው ሰሊሃ ከጓሮ «ምሳ ቀርቧል፣ ምህረቱ! ይቀዘቅዛል!» ብላ ተጣራች። ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከትቼ ገባሁ። ሩዝ በፍየል ሥጋ። በላሁ ሳይሆን ወደቅኩበት ማለት ይሻላል።

ይህን የምጽፈው አይሱዙው እስኪጫን ነው። ጋቢና ውስጥ እኔና ሾፌሩ ብቻ ነን። የደብረ ሲና ሰው ነው፣ ቀልዱ አያልቅበትም።


እዚያው ቀን፣ ማታ፣ አንኮበር

አልጋ ይዣለሁ።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ፣ ገደሉ ጥላ ከሚጥልበት መታጠፊያ አስቆሙን። እነማን እንደሆኑ አልጽፍም። ታጥቀዋል፣ ይበቃል። ሾፌሩን አወረዱት። «ለማን ነው የምትጭነው?» «ለነጋዴ ነው፣ ጌታዬ።» «ለየትኛው?» መልሱን ሳይጨርስ በሰደፍ አፉን አሉት። ጥርሱ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ደግመው ጠየቁት፤ አፉ ደም ሞልቶ ምን ይመልስ? ከዚያ አንደኛው፣ ምንም ሳይናደድ፣ አሞሌ እንደሚፈልጥ ሰው ተረጋግቶ፣ ጭኑ ላይ ተኮሰበት።

ቀጥሎ ቦርሳዬን ፈተሹ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ካሜራ።»

«የድሮ ነው አይደል? አባቴ እንዲህ ያለ ፎቶ አለው። በል አንሳን።»

ሾፌሩ መሬት ላይ እየተንፈራገጠ እነሱ ቀበቷቸውን አስተካከሉ፣ አንገታቸውን አቀኑ። በጥላው ውስጥ ሁለቱ ወዲህ፣ ሁለቱ ወዲያ ሆነው መሃሉን ለአለቃቸው ተዉለት። አለቃቸው «እኔ ፎቶ አልወድም» ብሎ ሳይገባ ቀረ፤ ቦታው ክፍት ሆነ። አጎነበስኩ። ሾፌሩ እንዳይገባ ካሜራውን ቀና አደረግኩት። ተጫንኩት። «እናመሰግናለን» አሉኝ፤ አቤት ጨዋነት! መኪናውን ከነጭነቱ ይዘው ሄዱ።

ሾፌሩ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። ሸሚዜን ቀድጄ ጭኑን አሰርኩለት። «ሰው ልጥራልህ» አልኩት። «አትሂድ» አለኝ። እጁን አስለቅቄ ሄድኩ። ሰው ልጠራለት ነው የሄድኩት።


ጥቅምት 17

የአልጋ ቤቱ በር ላይ ሲያወሩ ሰማሁ። «ከመታጠፊያው አንድ ሾፌር ሞቶ ተገኘ። ቶሎ የደረሰለት ቢኖር ይተርፍ ነበር፤ ደሙ ፈሶ ነው ያለቀው።»

ትናንት ለባለ አልጋዋ የነገርኳት ይመስለኛል። ነግሬያት መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን ነገር ሳይናገር የሚተኛ ሰው አለ?


ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ለስድስት ቀን ፊልሙን አልነካሁትም። ዛሬ አጠብኩት። ወንድ ልጅ መቼም የገዛ እጁን ሥራ ሳያይ አይቀር።

አንዱ ላይ ስደርስ ወደ አምፖሉ ጠጋ አደረግኩት። ያሕያ ከነጭ ልብሱ ከነሳቁ መሃል ላይ ቆሟል፤ አራቱ ታጣቂዎች ግራና ቀኝ አጅበውታል። አለቃቸው ትቶት የሄደው ክፍት ቦታ ላይ ልክክ ብሏል። ሁለቱ ፎቶ አንድ ላይ አርፈዋል። ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው፤ የገደሉ ቁጥቋጦ ደረቱ ላይ በስሱ ይታያል፣ የሱቁ በር ማጠፊያ ደግሞ አንደኛው ታጣቂ ጆሮ አጠገብ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ለማያውቅ ግን ያሕያ ከእነሱ ጋር ቆሞ የተነሳው ነው።

አዙሬያለሁ እኮ። ቁጥሩ በኋላ ባለው ቀይ መስኮት ሲያልፍ አይቻለሁ። ካሜራው ራሱ አርጅቷል፤ ፊልሙ ሳይነክስለት ተንሸራቶ ይሆናል።

ኔጋቲቩን ያኔውኑ መቅደድ ነበረብኝ። ግን በትልቁ አሳተምኩት። ምን ላድርግ፣ በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የሚበልጥ ፎቶ ነው! የአራቱ ፊት ጨለማ፣ በመሃሉ ያ ሳቅ። ቀይ አምፖል ሥር ሳህኑ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ስለ ሾፌሩ ረሳሁ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ረሳሁት።


ጥቅምት 24፣ እሑድ

ብዙአየሁ መጣ። ፎቶውን ገመድ ላይ እንደተሰጣ አይቶ ጭንቅላቱን ያዘ። «ኧረ ምህረቱ! ኧረ ምን ጉድ ነው ይሄ! እዚህ ድረስ ነህ?» አለኝ። ደስ ብሎኛል፣ ልብ አድርጉልኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ስናነሳ ብዙአየሁ ለእኔ ፎቶ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

«ያሕያ እዚህ መሃል ምን ይሠራል?»

«ተደርቦ ነው» አልኩት።

«ለቡድናችን አንዴ በስልኬ ላንሳው?» አለ። ቡድን የሚለው ቴሌግራም ላይ ያሉትን የድሮ ካሜራ ወዳጆች ነው።

«አንሳው፣ ግን ስሜን እንዳትጽፍ» አልኩት።


ጥቅምት 28

ፎቶው ከቡድኑ ወጥቷል። አንዱ ጠርዙን ቆርጦ፣ ማጠፊያውን አጥፍቶ፣ ሌላ ቦታ ለጥፎታል። ከሥሩ «የአሊዩ አምባው በርበሬ ነጋዴ ከነወዳጆቹ» ይላል። ሺህ ሰው ነው የተቀባበለው። «እንዲህ ያለውን በቁሙ ነው» የሚል አለ። «ቤቱ የት ነው?» የሚልም አለ።

ያሕያ ደወለ። ይስቃል። «አንተ ሕገኛ! ደረብከኝ አይደል?» አለኝ።

«ብዙአየሁ ነው ያወጣው» አልኩት።

«ይሁን፣ ያልፋል። እኔ ያን ቀን ከሱቄ ደጃፍ እንዳልራቅኩ ያላየ የለም።»

ደግሞ ያሕያ ሰው የሚያምነው ይመስለዋል።


ኅዳር 1፣ እሑድ

ያሕያን ወሰዱት።

ሰሊሃ ደውላ ነው። ድምጿን አላወቅኩትም። ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ጠዋት ሱቁ ገብተው ጆንያውን ሁሉ በሳንጃ ዘረጠጡት፤ በርበሬው ሲቦን እነሱም እሱም እያስነጠሱ፣ እያለቀሱ፣ በዚያ መሃል ደበደቡት። «የማን ስንቅ ነው? ማን ነው ፎቶ ያነሳችሁ?» እያሉ። ደጃፉ ላይ ነው በእግራቸው የረገጡት፤ ፎቶ ያነሳሁት እዚያው ደጃፍ ላይ። ነጩ ልብስ አልተገኘም ብለው ደግሞ ቤት ገቡ። እሷ ልብሱን አጥባ አስጥታው ነበር። አንገቱ ላይ ጠምጥመው፣ በልብሱ እየጎተቱ መኪና ላይ ጫኑት። ደብረ ብርሃን አምጥተውታል።

ሔራንን ነገርኳት። ሁሉንም ነው የነገርኳት፣ የሾፌሩን ጭምር። ሰማችኝና፣ «እሱ ንጹሕ ነው፣ ይፈቱታል። አንተ ግን እዚያ ነበርክ። ትንፍሽ እንዳትል» አለችኝ።

ልክ ናት።


ኅዳር 2

ብዙአየሁን መታሁት።

ፎቶ ቤቱ ሄጄ ነው። ሳላስፈቅድ ነው ያነሳሁት በል፣ ይቅርታ በል አልኩት። «አንተ አይደለህ አንሳው ያልከኝ?» አለኝ። አላልኩትም! በየት አገር ነው የሰው ፎቶ ሳይፈቀድ የሚነሳው? ተሳደብን። ከዚያ፣ «እሺ ይሁን፣ እኔ አጠፋሁ። ያላዞርከው ግን አንተ ነህ» አለኝ።

ባንኮኒው ላይ የነበረውን የካሜራ ማቆሚያ ብረት አንስቼ አፉን አልኩት። አንዴ አይደለም። ወድቆም መታሁት። ደስ አለኝ። እጄ ላይ ደሙ ሲሞቀኝ ወደ ራሴ ተመለስኩ። ጥርሱን ከወለሉ ለቀመ፤ ድምፁን የት እንደሰማሁት አውቀዋለሁ። «እንደነሱው ሆንክ» አለኝ፤ በተሰበረ አፉ ነው ያለኝ።

አዙሬያለሁ። አዙሬያለሁ። አዙሬያለሁ።


ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ብዙአየሁ አዲስ አበባ ገብቷል አሉ። ይሻለዋል።

ከንጋቱ ጀምሮ ቤት ለቤት ይፈትሻሉ። ከማዶ ያለው ቤት በር ሲሰበር ይሰማል፣ ሴት ትጮሃለች። ማንደጃው ላይ ከሰል ነበር። ፎቶውን ጨመርኩት። ኔጋቲቩን ግን ይዤ ቆምኩ። ያሕያ በኔጋቲቭ ላይ ጥቁር ነው፤ ልብሱም ጥርሱም ጥቁር። «በሉ!» አለች ሔራን፣ እኔን በአንቱታ ጠርታኝ አታውቅም፤ ለማን እንዳለችው እንጃ። ጨመርኩት። ተኮማትሮ፣ ተንጨርጭሮ፣ ሸተተ።

መጡ። አልጋውን ገለበጡ። አንዱ «ምን ይሸታል?» አለ። ሔራን «ላስቲክ ነው፣ እሳት ማቀጣጠያ» አለችው። ካሜራውን ከመደርደሪያው አንስቶ አየና «ይሄ ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጌጥ ነው» አልኩት። መልሶ አስቀመጠው።


ኅዳር 9፣ ሰኞ

ሰሊሃ መጣች። ዛሬ የማልጽፍ ነበር። ግን እንቅልፍ የለም።

ለያሕያ በፔርሙዝ አጥሚት ይዛ ነው ከአሊዩ አምባ የወጣችው። ቁጭ በይ ብንላት እንቢ አለች። «መንጋጋውን ሰብረውታል፣ አያኝክም። በፔርሙዝ ነው የማጠጣው፤ እሱንም ሲፈቅዱልኝ» አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፣ ቃል በቃል፦

«ምህረቱ፣ ምሳ ብዬ የጠራሁህ እኔ ነኝ። ካሜራህን ከትተህ ስትመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ያሕያ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ፎቶ አሳይቶኛል፤ መደረብ ነው ብሎኛል። ሰው ደረት ላይ ቁጥቋጦ ይበቅላል? ኔጋቲቩ ላይ ሁሉም ይታያል አይደል? ስጠኝ። መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት እላቸዋለሁ። ስምህን በአፌ አልጠራም። ወላሂ አልጠራም። ልጆቼ ይሙቱ።»

«ብዙአየሁ ነው የወሰደው» አልኳት።

ዓይኗን አልነቀለችም። ማንደጃው እግሯ ሥር ነበር። ከአመዱ ዳር ቁራጭ ጥቁር ነገር ተጣብቋል፤ በጫማዋ ጫፍ ነካችው። ጎንበስ ብላ አላየችም፣ ማየት አላስፈለጋትም።

«አይ ምህረቱ» አለች። «አይ ምህረቱ። እኔ እኮ ወንድም አለኝ ብዬ ነው ዳገቱን የወጣሁት።»

ፔርሙዟን ይዛ ወጣች። ሔራን ልትሸኛት ተነስታ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ከዚያ በኋላ ማታውን ሙሉ አላናገረችኝም። እሷው አይደለች ትንፍሽ እንዳትል ያለችኝ? አሁን ምን ልሁን?


ኅዳር 14

የክንድ አጥንት፣ ሁለት። የጎድን አጥንት፣ የሽማግሌ። ጥይት፣ ሳንባ አጠገብ።

ማዕድ ቤት በር ላይ ሁለት ነርሶች ሲያወሩ ሰማሁ። «ያ በርበሬ ነጋዴ ማን እንዳነሳው አልናገርም ብሏል አሉ።» «ጅል ነው!» «ጅል ሳይሆን ጥፋተኛ ነው። ንጹሕ ሰው ቢሆን ይናገር ነበር።»

ሻይዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።


ኅዳር 17

ዛሬ ደግሞ በሞተር መጥተው መንገድ ላይ ሰው ገደሉ። ስማቸውን ማንም አይጠራም፣ ይሄኛው ወገን ያኛው ወገን ነው የሚባለው። ሔራን የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቤት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን አንነጋገርም። ፍርሃት ስትነግሥ ሚስትም ባዳ ትሆናለች ለካ።

ቢፈቱት ኖሮ እስካሁን ይፈቱት ነበር።


ኅዳር 20፣ ዓርብ

ያሕያን ራጅ አነሳሁት።

ቀስ ብዬ ልጻፍ። ከሰዓት በኋላ ሁለት የታጠቁ ሰዎች አንድ እስረኛ ይዘው ገቡ። መንጋጋና ቀኝ እጅ ይላል ወረቀቱ። ቀና ስል እሱ ነው። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ጀለቢያው ያው ነጩ ነው፤ ነጭ ነበር ማለቴ ነው። አፌን ልከፍት ስል እሱ ቀደመኝ፤ በተሰበረ መንጋጋው፣ ቃሉን እያኘከ፦

«ወንድም… ስምህን ማን ልበል?»

አሥራ አንድ ዓመት የማውቀው ሰው ነው። ሠርጌ ላይ የነበረ ሰው ነው።

«ምህረቱ» አልኩት።

«ምህረቱ። እሺ።»

አንዱ ጠባቂ ግድግዳውን ተደግፎ፣ «ያነሳውን ቢናገር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣበትም ነበር። እጁን የሰበርነው ለዚሁ ነው» አለኝ፣ ለእኔ ማብራሪያ መስጠቱ ነው። እጁን ጠረጴዛው ላይ ሳስተካክል ጣቶቹ እንደ ሰው ጣት አልነበሩም። ጎንበስ አልኩ። ያሕያ፣ ጠባቂው እየሰማ፣ እንዲህ አለኝ፦

«አደራህን ምህረቱ… ሁለቱን እጄን አንዱ ባንዱ ላይ… እንዳትደርባቸው።»

ጠባቂው ሳቀ። «ይሄኛው ደግሞ ቀልደኛ ነው» አለ።

መጋረጃው ኋላ ሄጄ ቁልፉን ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ መጣ፦ አውራ ጣት ከሁለት ቦታ፣ ሌባ ጣት ከሦስት፤ ፊልም የሚያዞርባቸው። ቆሜ ሳለቅስ ጠባቂው «ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ጠራኝ። «አልተበላሸም» አልኩት።

ቤት ገብቼ ለሔራን ነገርኳት። ስሙን የጠየቀኝ ጋ ስደርስ ተነሳች፤ ካሜራውን ከመደርደሪያው አውርዳ አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«አንድ ፊልም ቀርቶሃል አይደል?» አለችኝ።


ኅዳር 21፣ ጠዋት

ያሕያን ወደያዙት ሰዎች እየሄድኩ ነው። ኔጋቲቩ ባይኖርም ካሜራው አለ። እዚያው አነሳለሁ፣ እዚያው ሳላዞር እደርባለሁ፣ እዚያው አጥቤ አሳያቸዋለሁ። ማጠቢያው ቀዝቅዟል። ሔራን ጠርሙሱን ብብቷ ሥር ይዛ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ባልመለስ ይህ ደብተር የእሷ ነው።


ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሉ የአንደኛ ክፍል ልጅ ይመስላል።

ሄድኩ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ አልኩ። ወዲያው አልመቱኝም። ኃላፊው ስለ ካሜራው ሊያውቅ ፈለገ። አንዱን ጠባቂ መሣሪያውን አስደግኜ ግድግዳ ሥር አቆምኩትና አነሳሁት። ሳላዞር፣ ኃላፊውን ከሌላ ግድግዳ ሥር ወንበር ላይ አስቀምጬ ደገምኩት። «ፊልሙን የማወጣበት ብርሃን የማይገባው ክፍል አላችሁ?» አልኩ። ኃላፊው ሳቀ። «እሱስ አለን» አለ።

ያሕያ ያለበት ክፍል ነበር። አስገብተው ዘጉት። ምንም አይታይም። ሽንትና ደም ይሸታል። ፊልሙን በዳበሳ ብርሃን የማያስገባው የማጠቢያ ጣሳ ውስጥ መጠቅለል ስጀምር ከጥጉ ድምፅ መጣ።

«ማነው?»

«ምህረቱ ነኝ።»

ፊልሙን ጠቅልዬ ጣሳውን ዘጋሁት።

«ያን ቀን አላዞርኩም፣ ያሕያ» አልኩት። ሰው ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያልኩት። «ምሳ ተባለ፣ ከትቼው ሄድኩ። አላዞርኩም። ኔጋቲቩንም እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ሾፌሩንም ትቼው ነው የሄድኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም።»

«ያዞርክበት ቀን የለም» አለኝ። መሳቅ ፈልጎ መሰለኝ፣ ግን አመመውና አቃሰተ።

ጣሳውን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሔራን እስር ቤቱ በር ድረስ ተከትላኝ የሰጠችኝ ማጠቢያ ገና ለብ ያለ ነበር። ታጥቦ ሲያልቅ እርጥቡን ፊልም ወደ ፀሐይ ያዝኩላቸው። የጠባቂው አፈሙዝ ልክ የኃላፊው ማጅራት ላይ አርፎ ወጣ። ኃላፊው ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጠባቂውን፣ «አንተ እኔ ላይ ደግነሃል ማለት ነው?» አለው። ጠባቂው ላብ አጠመቀው። «ኧረ ጌታዬ፣ ያኔ እርስዎ አልነበሩም!»

«አዎ፣ አልነበርኩም» አለ ኃላፊው። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ነጋዴውም አልነበረም። አንተ ግን ነበርክ» አለኝ።

ያሕያን በማግስቱ ለቀቁት። እኔን አራቱ ታጣቂዎች እነማን እንደሆኑ ንገረን አሉኝ። የማውቀው ፊታቸውን ብቻ ነው፣ እሱንም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እጄን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በሰደፍ መቱት። ሦስተኛው ላይ እኔም ጮህኩ፣ ሌላ ምን ይባላል? በኋላ ሔራን ሽማግሌ ልካ፣ እግር ስማ፣ ከነካሜራዬ አስለቀቀችኝ።

ትናንት ወደ አሊዩ አምባ ወረድኩ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ መኪናው እንዲቆምልኝ ጠየቅኩ። ሾፌሩ «እዚህ ማን ይቆማል፣ አብደሃል?» ብሎኝ አለፈ።

ሱቁ ተከፍቷል። ጆንያዎቹ በክር ተሰፍተዋል። ሰሊሃ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰላም አልኳት። መለሰችልኝ፣ ግን ከደጃፉ አልተነሳችም፣ እንድገባም አልተጠጋችልኝም። ከጨለማው ውስጥ ያሕያ ሲያስል ሰማሁት። «ማነው እሱ?» አለ። እሷ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣ «ፎቶ አንሺው ነው» አለችው። እሱም ከውስጥ፣ «ካሜራውን አምጥቷል? ወሩ እኮ የእኔ ነው» አለ።

አወጣሁት። ግማሽ ያህሉ ፊልም አሁንም ውስጡ አለ፤ ያን ቀን በጨለማው ጥቅልሉን ከመሃል ቆርጬ ያነሳሁበትን ብቻ ነበር ያወጣሁት። የሱቁን ደጃፍ፣ ሰሊሃን ከነፊቷ፣ ከኋላዋ ያለውን ጨለማ በግራ እጄ አነሳሁ። አልከለከለችኝም። ከዚያ እያየችኝ ካሜራውን በጉልበቶቼ መሃል አጥብቄ፣ በግራ እጄ፣ ቁጥሩ በቀዩ መስኮት እስኪያልፍ ድረስ አዞርኩት። እግሯ ሥር አስቀመጥኩላትና ተመለስኩ።